መርማሪው ያስተምር፤ አስተማሪውም ይመርምር

በላስታ ደጋ የምትገኘው ገነተ ማርያም በአገራችን ሰዎችም በውጭ አገር ሰዎችም ዘንድ ስሟ የሚነሣው ከአንድ አለት ተፈልፍላ በተሠራችው ቤተ ክርስቲያን ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ይኩኖ አምላክ ጊዜ የታነጸችውን ይህችን ቤተ ክርስቲያንና በግድግዳዋ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ለማየት ብዙ ሊቃውንት ባሕር ተሻግረው መጥተዋል። እኛ ግን ዛሬ በዚህ ዓምድ ገነተ ማርያምን የምናነሣት ስለ ጥንቱ ሥራዋ ለመናገር ሳይሆን ስለ ነገዋ ለማሰብ ነው። ይኸውም በዚያ ደጋ ተወልዳ የምታድግ አንዲት ልጃገረድ ከአንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ጋር ምን ጉዳይ አላት? ብለን ለመጠየቅ ነው።

ጥያቄው እንግዳ ቢመስልም መልሱ ሩቅ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የማሕፀን በር ካንሰርን የሚከላከለውን ክትባት በመላ አገሪቱ 14 ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች መስጠት ጀመረ። ይህ በሽታ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዓይነቶች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር ነው። ክትባቱ ሰባ በመቶ ለሚሆነው የማሕፀን በር ካንሰር መነሻ የሆኑትን ሁለት የቫይረስ ዓይነቶች ይከላከላል። ስለዚህ የገነተ ማርያም ልጃገረድ በትምህርት ቤቷ ቅጥር ግቢ ተሰልፋ ክንዷን ለመርፌ በሰጠች ጊዜ የካንሰርና የሰውነት መከላከያ ምርምር የሚባለው ትልቅ ትምህርት ፍሬ ተካፋይ ሆነች ማለት ነው።

ይህ ክትባት ከሰማይ የወረደ አይደለም። ታሪኩን ወደ ኋላ ብንከተለው በአውስትራሊያ ወደሚገኘው የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ይወስደናል። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት በትውልድ ስኮትላንዳዊው ኢያን ፍሬዘርና ቻይናዊው የሥራ ጓደኛቸው ዡ ጂያን እ.ኤ.አ. በ1991 የቫይረሱን ባዶ ቅርፊት በላቦራቶሪ ለመሥራት ቻሉ። ሰውነት ይህን ቅርፊት ባየ ጊዜ እውነተኛው ጠላት የመጣበት ይመስለውና መከላከያውን ያዘጋጃል፤ ቅርፊቱ ግን ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ በሽታ አያመጣም። በአሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎችም በዚሁ መንገድ ብዙ ደክመው ክትባቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ ተፈቀደ። ዡ ጂያን እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ሞቱ የድካማቸውን ፍሬ ለማየት አልታደሉም። እንግዲህ የገነተ ማርያም ልጃገረድ ከዩኒቨርሲቲ መምህር ጋር ያላት ጉዳይ ይህ ነው። አንድ ሰው በሩቅ አገር በዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ሲመረምርና ደቀ መዛሙርት ሲያፈራ በላስታ ለምትኖረው ልጅ ሠራላት።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ትምህርቱ ጥቂት መናገር ይገባናል። ሕዝባችን ሳንባን የሚያመነምነውንም፣ ሥጋን የሚበላውንም በሽታ ነቀርሳ ብሎ ሲጠራ ኖሯል፤ ለመለየት እንዲመች በዚህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ካንሰር ብለነዋል። ካንሰር ከውጭ የሚመጣ ባዕድ ሳይሆን የገዛ ሰውነታችን ሴል ሥርዓቱን ጥሶ ያለ ልክ ሲራባ የሚፈጠር ሽፍታ ነው። ሽፍታው የቤት ልጅ በመሆኑ ዘበኛው አይለየውም፤ ቢለየውም ይታለልለታል። ዘበኞቹም ነጭ የደም ሴሎቻችን ናቸው። እነዚህ ሴሎች የገዛ ሰውነታችንን እንዳያጠፉ ተፈጥሮ ልጓም አበጅቶላቸዋል። ካንሰር ግን ይህን ልጓም ይዞ ወደ ኋላ ይጎትታቸዋል። የልጓሙን ምሥጢር ካገኙት ውስጥ አንዱ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ይሠሩ የነበሩት ጄምስ አሊሰን፣ ሁለተኛው የጃፓኑ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ታሱኩ ሆንጆ ናቸው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤልን ሽልማት በጋራ ተቀብለዋል። ዛሬ ልጓሙን የሚያስለቅቁ መድኃኒቶች ተስፋ ቆርጠው የነበሩ አንዳንድ በሽተኞችን ለዓመታት አቆይተዋል።

ሌላም ምሳሌ አለ፤ እርሱም ከእኛ ክንድ አይርቅም። ሕፃን ሲወለድ ሳንባ ነቀርሳን እንዲከላከልለት የሚሰጠው ቢ.ሲ.ጂ. የሚባለው ክትባት ጠባሳው በብዙዎቻችን ክንድ ላይ ይታያል። ካናዳዊው ሐኪም አልቫሮ ሞራሌስ እ.ኤ.አ. በ1976 ይህንኑ ክትባት በሽንት ፊኛ ውስጥ በማስገባት የፊኛን ካንሰር ለማከም እንደሚረዳ አስታወቁ። ፊኛው ውስጥ የገባው ክትባት የተኙትን ዘበኞች ይቀሰቅሳል፤ እነርሱም ተነሥተው ካንሰሩን ይወጋሉ። ይህ ሕክምና እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ላይ ይሠራበታል።

አሁን ልናነሣው ወደ ፈለግነው ጉዳይ እንመለስ። ከላይ ስማቸውን የጠቀስናቸው ሊቃውንት አብዛኞቹ በአንድ እጃቸው የላቦራቶሪ ብልቃጥ፣ በሌላው እጃቸው ጠመኔ የያዙ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። በእኛ አገር ግን ይህ ሁለት ወገን ያለው ሥራ በደንብ የታወቀ አይመስልም። ብዙ ሰው የዩኒቨርሲቲ መምህርን የሚያስበው ደብተር ይዞ ገብቶ፣ አስጽፎ፣ ፈትኖ የሚወጣ አድርጎ ነው። ተመራማሪውን ደግሞ በር ዘግቶ ከሰው ተለይቶ የሚኖር ባሕታዊ ያስመስለዋል። ሁለቱ ተለያይተው የሚኖሩ እንደ ሆነ ግን የሚጎዳው ተማሪው ነው፤ ከተማሪውም በኋላ በሽተኛው ነው።

እንዲህ ስንል ከኤውሮፓ የመጣ አዲስ ሥርዓት ለማስመጣት የፈለግን እንዳይመስል ከገነተ ማርያም ብዙም ሳንርቅ ወደ ዋድላ ቅኔ ቤት እንሂድ። ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር በቅኔ ትምህርት ስሙ የተጠራ ነው። በቅኔ ቤት መምህሩ ያለፈ ሰው የተቀኘውን ብቻ እያስጠና አይኖርም። ራሱ አዲስ ይቀኛል። ቅኔ አይደገምምና ትናንት የተባለው ለዛሬ አይሆንም። ተማሪውም ቀን በየጥጋጥጉ ተቀምጦ ሲቆጥር ይውልና ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ይሰማል፣ ያርማል፣ የተሻለ መንገድ ያሳያል። ተማሪው ለመምህርነት የሚበቃው የመምህሩን ቅኔ በቃሉ ስለ ያዘ ሳይሆን የራሱን መቀኘት ሲችል ነው። እንግዲህ አባቶቻችን መፍጠርንና ማስተማርን በአንድ ሰው ላይ ማዋሐድ ከማንም ሳይበደሩ ያውቁበት ነበር። ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ መምህር የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በቅኔው ፈንታ የደም ጠብታና የማጉያ መነጽር መሆኑ ብቻ ነው።

በዘመናዊውም ትምህርት ቢሆን ምሳሌ አላጣንም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በውጭ አገር ተምረው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ፣ በ1956 ዓ.ም. ገደማ ስለ ብልሃርዝያ ለመመርመር ወደ ዐድዋ ወረዱ። በዚያም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውሃ ውስጥ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። እንዶድን በላስታም ሆነ በሌላው ደጋ የማያውቅ እናት የለችም፤ ነገር ግን ከልብስ ማጠቢያነቱ አልፎ ሌላ ጥቅም እንዳለው ለመጠየቅ የሰለጠነ ዓይን አስፈለገ። ዶክተር አክሊሉ ግኝቱን ይዘው ብቻቸውን አልቀሩም፤ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሠረቱ፤ በዚያም ሌሎች ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይሠራሉ። በ1982 ዓ.ም. ከሥራ ጓደኛቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ስለ ሰውነት መከላከያ ምርምር ብቻ እንናገር ብንልም አዲስ አበባ ባዶ አይደለችም። በ1962 ዓ.ም. ገደማ በዘነበ ወርቅ፣ በአለርት ሆስፒታል ቅጥር ግቢ፣ በኖርዌይና በስዊድን ርዳታ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኙት ከኖርዌያዊው ሐኪም ነው። የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። የአንዳንዱ ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያውን ሲያዩ ተነሥተው ይዋጋሉ፤ የሌላው ግን እንዳላዩ ሆነው ያልፋሉ፤ በሽታውም በዚህ ሰው ላይ ይበረታል። የኢንስቲትዩቱ የመጀመሪያ ሹም የነበሩት ዶክተር ቶሬ ጎዳል ከጓደኞቻቸው ጋር በዘነበ ወርቅ የመረመሩት ይህንኑ ነበር። ኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰው በኦስሎ ከተማ ካንሰር በሚታከምበት በራዲየም ሆስፒታል የሰውነት መከላከያ ምርምርን መሩ። በነገሩ የሚደነቅ የለም፤ ጥያቄው አንድ ነውና። ዘበኛው ጠላቱን እያየ ዝም የሚለው ስለ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ በሥጋ ደዌም በካንሰርም ይጠየቃል። ከጥያቄው አንዱ ክፍል የተጠናው በኢትዮጵያውያን ሕመምተኞች ደምና ፈቃድ መሆኑን ልናስታውስ ይገባናል።

እንግዲህ ዛሬ ያለንበት ሁኔታ ምን ይመስላል? ሕጉስ አልጎደለም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ማስተማርን፣ ምርምርንና ለኅብረተሰብ የሚሰጥ አገልግሎትን የዩኒቨርሲቲ ተግባር አድርጎ ደንግጓል። ከዩኒቨርሲቲዎቻችንም ስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ተብለው ተለይተዋል፤ ጎንደርና ባሕር ዳር ከእነርሱ ውስጥ ናቸው። የአርማወር ሐንሰን ኢንስቲትዩትም የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን እየተቀበለ ያሠለጥናል። ችግሩ ከወረቀቱ በታች ነው። የማስተርስ ዲግሪውን እንደ ያዘ ሌክቸረር የተባለው ወጣት የትምህርት ክፍለ ጊዜው እጅግ የበዛ በመሆኑ ለምርምር የሚተርፈው ሌሊቱና የዕረፍት ቀኑ ብቻ ይሆናል። መመርመሪያ ኬሚካል ለመግዛት ደግሞ የውጭ ምንዛሪ፣ የግዥ ደንብና የጉምሩክ መጋዘን በተራ በተራ ይጠብቁታል። በዚህ ላይ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ንብረታቸው ወድሞባቸዋል። ላቦራቶሪ የሌለው መምህር ስለ ሴል ሲያስተምር ባሕር ሳያይ ስለ ዋና እንደሚያስተምር ሰው ነው።

እኛ በቅርብ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ሰዎች ሁለቱንም ዓይነት መምህር አይተናል። አንደኛው ከብዙ ዓመት በፊት ያዘጋጀውን ማስታወሻ፣ ወረቀቱ ቢጫ እስኪሆን ድረስ፣ ሳያጎድልና ሳይጨምር ያነብልናል፤ እኛም እንጽፋለን፤ በፈተናም ጊዜ ያንኑ እንመልስለታለን። ሁለተኛው ግን ካስተማረ በኋላ ቆም ብሎ «ይህን ነገር እስከ አሁን ማንም አልደረሰበትም፤ እኛ ባለፈው ሳምንት እንዲህ አድርገን ሞከርነው፤ አልሆነልንም» ይለናል። ከመጀመሪያው ዘንድ ማርክ አገኘን፤ ከሁለተኛው ዘንድ ግን መጠየቅን ተማርን። ይህን የምንለው የመጀመሪያውን ሰው ለመንቀፍ አይደለም። በሳምንት ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሮጥ የሚውል ሰው ለማንበብ እንኳ ጊዜ ከየት ያመጣል?

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። የመጀመሪያው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚለው ነው። ምሳሌው እውነት ነው፤ ምርምርና ማስተማር ግን ሁለት ዛፎች አይደሉም። አንዱ ሥር፣ አንዱ ቅርንጫፍ ሆነው በአንድ ግንድ የሚኖሩ ናቸው። ሥሩ ሲደርቅ ቅርንጫፉ ለጥቂት ጊዜ ለምለም መስሎ ይታይ ይሆናል እንጂ አያፈራም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ንጹሕ ውሃና በቂ መድኃኒት ባልተዳረሰበት አገር የካንሰር ምርምር ቅንጦት ነው» የሚል ነው። ይህ አነጋገር አዛኝ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ድኻውን የሚጎዳ ነው። የካንሰር የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዛሬ በጅማና በሌሎች ጥቂት ከተሞች ቢጨመርም፣ ከላስታ ተነሥታ ወልድያን፣ ደሴንና ደብረ ብርሃንን አልፋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ፣ ከብቷን ሸጣ፣ ዘመድ ቤት ተጠግታ ተራ የምትጠብቅ እናት መከራዋ ከባድ ነው። አዲሶቹ የልጓም ማስለቀቂያ መድኃኒቶች ደግሞ በአሜሪካ ለአንድ በሽተኛ በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣሉ። መክበዳቸው ብቻም አይደለም፤ በብዛት የተሞከሩት በኤውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ላይ ነው። የእኛ ሕዝብ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአንጀት ትላትል፣ ከሳንባ ነቀርሳና ከሌላም ተላላፊ በሽታ ጋር ሲታገል ያደገ በመሆኑ የመከላከያ ኃይሉ ለእነዚህ መድኃኒቶች እንዴት እንደሚመልስ መመርመር ያስፈልጋል። የጡት ካንሰር በአገራችን ብዙ ሴቶችን ገና በወጣትነታቸው የሚይዝበትንም ምክንያት ሌላ ሰው መጥቶ አይመረምርልንም። ስለዚህ ምርምር ለድኻ አገር ቅንጦት አይደለም፤ ያለ ምርምር የሌላውን መድኃኒት በሌላው ዋጋ እየገዙ መኖር ግን ቅንጦት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «መምህር በማይበቃበት ዩኒቨርሲቲ መምህሩን ለምርምር ብንለቀው ክፍሉን ማን ይይዘዋል?» የሚል ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ አስተዳዳሪዎችንም የሚያስጨንቅ ነው። ሆኖም መልሱን ከገነተ ማርያም እንፈልገው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ተጠብቆ ደጋው ላይ ቢደርስም፣ «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ቀድሞት ደርሶ ይሆናል። እናትየዋ ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሄዳ «ልጄን ምን ልታደርጉብኝ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ሠራተኛዋ የምትመልሰው ከጤና መኰንኑ የሰማችውን ነው፤ መኰንኑም የሚያውቀው በዩኒቨርሲቲ የተማረውን ነው። መምህሩ የባዶውን ቅርፊት ነገር ከማስታወሻ ላይ ብቻ አንብቦለት ከሆነ፣ መኰንኑ ቃሉን ሸምድዶ ይወጣል እንጂ ለእናት ጥያቄ የሚሆን መልስ አይኖረውም። መምህሩ ራሱ በእጁ የሠራና ያየ እንደ ሆነ ግን ዕውቀቱ ከላቦራቶሪ ተነሥቶ፣ በክፍል አልፎ፣ እስከ ደጋው ጎጆ ድረስ ሳይሰበር ይደርሳል። ስለዚህ ለምርምር የተሰጠው ሰዓት ከክፍሉ የተሰረቀ ሳይሆን ለክፍሉ የተቀመጠ ስንቅ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በእኛ አስተያየት አራት ነገሮች ቢታሰብባቸው መልካም ነው። አንደኛ፣ በጤናና በሥነ ሕይወት ትምህርት ክፍሎች ማስተማርንና ምርምርን በእኩል ዓይን የሚያይ የሥራ መደብ ይከፈት፤ ለዚህ የተቀጠረው ሰው በሳምንት ውስጥ ማንም የማይነካበት የምርምር ቀን ይኑረው፤ ዕድገቱም በጻፈው ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ባፈራቸው ተማሪዎችም ይመዘን። ሁለተኛ፣ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ከአርማወር ሐንሰን ኢንስቲትዩት፣ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር አንዱን ምሁር በጋራ የሚቀጥሩበት ውል ያድርጉ፤ ውድ መሣሪያ በየቦታው ማቆም ባይቻል ሰውን ማመላለስ ይቻላልና። ሦስተኛ፣ በአዲስ አበባ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የካንሰር በሽተኞች መዝገብ እንደ ተቋቋመ ሁሉ በወሎም ይቋቋም፤ ስንት ሰው በምን ካንሰር እንደሚታመም ሳይታወቅ ምርምሩ ከየት ይጀመራል? አራተኛ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ የመስኩ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ሙሉ በሙሉ መመለስ ባይሆንላቸው በዓመት ጥቂት ወራት መጥተው የሚያስተምሩበትና ተማሪ የሚያማክሩበት በር ይከፈትላቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዕቅድ መሠረት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ከመቶ 90 ልጃገረዶች 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዲከተቡ፣ ከመቶ 70 ሴቶች እንዲመረመሩ፣ በሽታው ከተገኘባቸውም ከመቶ 90ው እንዲታከሙ ይፈለጋል። ቀኑ እየቀረበ ነው። መርፌውን ከውጭ ማምጣት ይቻል ይሆናል፤ መርፌውን የሚያምንና የሚያሳምን፣ ሲሳካ ምክንያቱን፣ ሳይሳካም ጉድለቱን የሚመረምር ሰው ግን ከውጭ አይመጣም። እርሱን የምናፈራው በገዛ ዩኒቨርሲቲያችን ነው።

በመጨረሻም ቃላችን ለወጣት ጓደኞቻችን ነው። ከእኛ ጋር የተመረቁ ብዙዎች ሌክቸረርነትን የተሻለ እንጀራ እስኪገኝ ድረስ የሚያርፉበት ድንጋይ አድርገው ይቆጥሩታል። ደመወዙ ትንሽ፣ ድካሙ ብዙ መሆኑን አንክድም፤ መንግሥትም ይህን ሊያስብበት ይገባል። ነገር ግን ይህን ሥራ ለመያዝ የሚያስብ ጓደኛችን ቢኖር ሙያው ክቡር መሆኑን ይወቅ። የዋድላ መምህር ሌላ የሚቀኝ ሰው ሳይተካ ቢያልፍ ቅኔው ከእርሱ ጋር ያልፋል፤ ደቀ መዝሙር እያፈራ ስለ ኖረ ግን የዋድላ ስም እስከ እኛ ደርሷል። የሰውነትን መከላከያ የሚመረምረውም ምሁር እንደዚሁ ነው። ያወቀውን ለተማሪው፣ ተማሪውም ለጤና ጣቢያው፣ ጤና ጣቢያውም ለእናቲቱ ያደረሰ እንደ ሆነ ድካሙ በከንቱ አይቀርም። እንግዲህ ሹማምንቱ ጊዜውንና መሣሪያውን ይስጡ፤ መርማሪው ያስተምር፤ አስተማሪውም ይመርምር።